የሥራ አስኪያጅ ኃይል ከየት ይመነጫል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ኃይል ከሹመቱ የሚመነጭ አይደለምን?

መልስ፦ ሹመት ከምንጮቹ አንዱ ብቻ ነው። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ፍሬንችና በርትራም ሬቨን በ1959 እ.ኤ.አ. አምስት ምንጮችን ለይተዋል፤ እነርሱም ሕጋዊ ሥልጣን፣ የመሸለም አቅም፣ የመቅጣት አቅም፣ ሙያዊ ዕውቀት፣ እንዲሁም በሰዎች ዘንድ መወደድና መከበር ናቸው። ሬቨን ቆየት ብሎ መረጃን በስድስተኛነት ጨምሯል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከወንበሩ ጋር መጥተው ከወንበሩ ጋር የሚቀሩ ናቸው። ቅጣትን በተመለከተ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ በቅጣት የሚያስተዳድር አለቃ መታዘዝን እንጂ ትብብርን አያገኝም፤ ዘወር ሲል መታዘዙም ይቀራል።

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት ውስጥ እኩል ማዕረግ ካላቸው ሁለት የክፍል ኃላፊዎች አንዱ የጠየቀው ሁሉ ሲፈጸምለት፣ ሌላው ደጅ የሚጠናው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ሪቻርድ ኤመርሰን በ1962 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ እኔ በእርስዎ ላይ ያለኝ ኃይል እርስዎ እኔን የሚፈልጉኝን ያህል ነው፤ የምሰጥዎን ነገር ከሌላ ማግኘት ከቻሉ ግን ማዕረጌ ምንም ቢሆን ኃይሌ ይቀንሳል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሚሼል ክሮዚየ የፈረንሳይን የመንግሥት ትምባሆ ፋብሪካዎች ሲያጠና ይህንኑ በግልጽ አይቷል። በእነዚያ ፋብሪካዎች ሥራው ሁሉ በደንብና በመመሪያ የታሰረ ስለነበር አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችለው ዐቢይ ነገር የማሽን ብልሽት ነበር፤ ብልሽቱን ማስተካከል የሚችሉት ደግሞ የጥገና ሠራተኞቹ ብቻ በመሆናቸው፣ በመዋቅሩ ላይ ከተሰጣቸው ቦታ እጅግ የበለጠ ተሰሚነት ነበራቸው። ስለዚህ የክፍልዎን ኃይል ለመመዘን ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ድርጅቱን የሚያሰጋውን ያልታወቀ ነገር የሚቋቋመው የእርስዎ ክፍል ነውን? ሥራው ቢቆም ስንት ክፍሎች አብረው ይቆማሉ? በሌላ ሊተካስ ይችላልን? ደጅ የሚጠናው ኃላፊ ከሦስቱ በአንዱ ወይም በሁለቱ የጎደለ ነው።

ጥያቄ፦ ተፅዕኖዬን እንዴት ልጨምር?

መልስ፦ በማን ላይ? በየትኛው ጉዳይ? እነዚህን ሳይገልጹ ለሚቀርብ ጥያቄ መልስ የለኝም።

አንድ የውይይቱ አባል፦ ከተባለው እንደምረዳው ብልኅ ኃላፊ ዕውቀቱን ለማንም ማካፈል የለበትም።

ሌላ አባል፦ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ዕውቀቱን የሚደብቅ ኃላፊ ክፍሉን ያደኸያል።

የመጀመሪያው አባል፦ የጥገና ሠራተኞቹ ግን ዕውቀታቸውን በቃል ብቻ እየተቀባበሉ ኃይላቸውን ጠብቀው ኖረዋል።

መልስ፦ ሁለታችሁም የሠራተኛንና የሥራ አስኪያጅን ሁኔታ አንድ አድርጋችኋል። የማሽኖቹ የጥገና መመሪያዎችና ንድፎች ከፋብሪካዎቹ መጥፋታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ሠራተኞች በሥራቸው የሚመሩት ሰው አልነበራቸውም። ሥራ አስኪያጅ ዕውቀቱን ሲደብቅ የሚያዳክመው ኃይሉ የሚገለጥባቸውን የራሱን ሰዎች ነው፤ ከእርሱ በቀር ሥራውን የሚያውቅ ከሌለም ማንም ደፍሮ ወደ ላቀ ቦታ አያሳድገውም። ከዚህም በላይ በመደበቅ የተገኘ ኃይል ሌሎች ምትክ እንዲፈልጉ ያነሣሣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ከሁሉ አይበልጥምን?

መልስ፦ ይህ በመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ የቅርብ አለቃዬ በጥቃቅኑ ሁሉ ይቆጣጠረኛል። ይህ የኃይል ብዛት ነውን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል እጦት ነው። የአስተዳደር ምሁሯ ሮዛቤት ሞስ ካንተር በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳስገነዘበችው፣ ከበላዮቹ ድጋፍ፣ መረጃና ግብዓት የማያገኝ የቅርብ አለቃ በእጁ የቀረውን ደንብና ቁጥጥር አጥብቆ ይይዛል። እንዲህ ያለውን አለቃ መጋፈጥ ቁጥጥሩን ያባብሳል። ይልቁንም ለበላዮቹ የሚያቀርበውን መረጃ አስቀድመው በማድረስና ጉድለቱን በመሙላት አስፈላጊ ይሁኑለት፤ ያኔ እርሱም እርስዎን መፈለግ ይጀምራል።