ሁለት ጭብጦ በሶ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጥያቄ ላከችልኝ። በውሃ ምህንድስና ተመርቃ ደቡብ ወሎ ውስጥ ሥራ ከጀመረች ገና አራት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ ፊልድ ስንወጣ ገበሬው ቤት ምግብ ያቀርቡልናል። እንብላ ወይስ እንቢ እንበል? እነሱም ከሌላቸው ነው የሚሰጡን። እኛም አንዳንዴ ሆዳችንን ያመናል።»

ስለ ቧንቧ ውፍረት ብትጠይቀኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ እመልስላት ነበር። ይሄንን ሳነብ ግን ስልኩን አስቀምጬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም አልሞተም። በሶ ትዝ ብሎኝ ነው።

ለእሷ የምመልሰውን ለእናንተም ልጻፈው። ረዘም ይላል። ዛሬ ሦስት መስመር ያለፈ ጽሑፍ እንደማታነቡ አውቃለሁ፤ የራሴ ልጆችም አያነቡልኝም።

ግንቦት 1980 ነው። ወሩ ከገባ ገና ሦስተኛው ወይ አራተኛው ቀኑ ነበር። እኔ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ። ሥራዬ ምንጭ መለካት ነበር። ከደሴ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ጉጉፍቱን አልፈን፣ መኪናውን አቁመን ወደ አንድ መንደር በእግር ወጣን። አገሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ውርጭ ነው። ሰዉ ባና ደርቦ ነው የሚውለው። ከ77ቱ ድርቅ በኋላ መንደሩ ገና አላገገመም። የፈረሱ ቤቶች እንደፈረሱ ነበሩ፤ የማን እንደነበሩ አልጠየቅኩም።

ስለ ምንጩ ትንሽ ልበል፤ አይቆጨኝም እሱ። 20 ሊትሩ ጀሪካን በ50 ሰከንድ ሞላ። በሰከንድ 0.4 ሊትር ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ሌሊት የሚፈሰውን የሚያጠራቅም ገንዳ ከተሠራለት በቀን ወደ 34 ሺህ ሊትር ይሰጣል። ግንቦት ላይ መለካቱም ጥሩ ነበር። የናንተ ጓደኞች መስከረም ላይ፣ ምድሩ ውሃ ጠግቦ ሳለ ይለኩና በበጋ ሲደርቅ «ክላይሜት ቼንጅ» ይላሉ። ብቻ ይለፈን።

ለክተን ስንጨርስ በረዶ ጣለ። ባቄላ የሚያክል። ሾፌሩ መኪናው ጋ ቀርቷል። እኔ ቅርብ ወዳለው ቤት ሮጥኩ። ክብ የድንጋይ ቤት ነው። በአንድ በኩል በጎች፣ በሌላ በኩል ሰው። አንዲት አሮጊትና የሰባት ዓመት ገደማ የልጅ ልጃቸው ነበሩ። ኩበቱ እርጥብ ስለነበር ቤቱን ጭስ ሞልቶታል።

«ኧረ ልጄ ግባ፣ ግባ፣ በረዶው ፈጀህ!» አሉና ካፖርቴን ተቀብለው አራገፉልኝ። ከዚያ ለልጁ አንድ ነገር በጆሮው ነገሩት። ልጁ በዚያ በረዶ ሮጦ ወጣ። ሲመለስ ጠርዟ የተሸረፈ ሲኒ ይዟል። ሲኒዋ ውስጥ ቅቤ አለች፤ አውራ ጣት የምታክል። ከጎረቤት ተበድሮ ነው።

በሶ ከየት እንደሚመጣ የማታውቁ አትጠፉም፤ አሁን በላስቲክ ታሽጎ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው የምታውቁት። ገብሱ ተለቅሞ፣ ትንሽ ውሃ ነክቶት በሙቀጫ ይሸከሸካል። ገለባው ይነፋል። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል። ዱቄቱ አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። ለዚህ ነው የመንገደኛ ምግብ የሆነው። ውሃ ካለህ ምሳ አለህ። በዚያ ደጋ ደግሞ ገብሱ የበልግ ነው። ጥርና የካቲት ተዘርቶ ክረምት መግቢያ ላይ ይታጨዳል። ግንቦት ማለት እንግዲህ ያለፈው እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ወር ነው። ይሄንን ያኔም አውቀው ነበር። ሪፖርት ላይ ጽፌዋለሁ እኮ።

አሮጊቷ ቅል አወረዱ። ዱቄቱን ገበቴ ላይ ሲያፈሱ የቅሉን ቂጥ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ጨው ነሰነሱ፣ በርበሬ ጨመሩ፣ ቅቤውን አቀለጡበት፣ ያሹት ጀመር። ከዚያ ልጁን ጠሩትና «ቅመስ እስቲ፣ ጨው አነሰው?» አሉት።

ልጁ አፍንጫው ይንጠባጠባል። ጣቱን ሰደደ፣ ላሰ፣ አሰበ። እንደገና ሰደደ። «ደህና ነው» አለ።

እኔ ያንን ጣት አየሁ።

ለብዙ ዓመታት ይሄንን ታሪክ ለራሴ ስነግረው «አዝኜላቸው ነው ያልበላሁት» እል ነበር። የድሃ ምግብ ላለመብላት። ማዘኑም ነበረበት፣ አልክድም። ግን ፊት የመጣው ጣቱ ነው። ቅቤውም ሸትቶኛል። አዲስ አበባ ስድስት ወር ሥልጠና ወስጄ መመለሴ ነበር፤ ስለ ንጽሕና ማስተማሪያ ፖስተር ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ።

አሮጊቷ በሶውን ጨብጠው፣ አምስት ጣታቸው እንደታተመበት አቀረቡልኝ። «ቢስሚላህ በል ልጄ።»

«ጾም ነኝ፣ እናቴ» አልኩ።

እጃቸው ትንሽ አየር ላይ ቆየ። «ጾም ነህ?» አሉኝ። «አዎ።» ማዕተቤን አዩት። «አላህ ይቀበልህ» አሉና ጭብጦውን መልሰው ገበቴው ላይ አስቀመጡት።

አለቀ ብዬ ነበር። እንዲያውም ልጁ ይበላዋል ብዬ ለራሴ ደስ አለኝ። በረዶው ሲያባራ አመስግኜ ወጣሁ። ምንጩ ጋ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ሳለ ልጁ እየሮጠ መጣ። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ሰጠኝ። «አያቴ፣ ቅቤ አልነካውም በለው አለች። ለማፍጠሪያህ ነው።» ብሎኝ ተመልሶ ሮጠ።

ሁለተኛ ጭብጦ ነው። በውሃ ብቻ የታሸ። ያንን ቅል እንደገና መትተውታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ነገሩ እንዲገባችሁ። ደሴ ሙጋድ አካባቢ ነው ያደግኩት። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ነበሩ። በረመዳን እናቴ ቀን ቡና አትቆላም ነበር፤ ሽታው እንዳይሄድባቸው። ማታ ሲያፈጥሩ ሾርባቸው ለኛም ይደርሰናል፣ በአጥሩ ላይ በሳህን። ሑዳዴ ሲገባ ደግሞ ጎረቤታችን ለኔ ለብቻዬ ቅቤ ያልነካው ሽሮ ትሠራልኝ ነበር። ታሞ የተኛ ካለ ከየትኛውም ቤት አጥሚት ይመጣል። የዚያ አጥሚት ሽታ አሁንም ትኩሳት ሲይዘኝ ይመጣብኛል። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ጾም እንደሚያውቅ ለኔ መንገር አያስፈልግም ነበር። በዚያ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ!

ወደ ደሴ ስንመለስ ፀሐይዋ ጠለቀች። ያ ጊዜ ረመዳን ነበር፤ ሊያልቅ ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቆመና ከኮዳው ውሃ ተጎነጨ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«አምጣት ያቺን በሶ።»

«ምኗን?»

«ልጁ ያመጣልህን ነዋ። አንተ እንደሆንክ ጾም አይደለህ።»

ዝም አልኩ። ነገሩን ልጁ መኪናው ጋ ሲያልፍ ነግሮታል። ሾፌሩ እየሳቀ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ፣ ፋሲካ የዋለው መቼ ነው? ሃምሳው መች አለቀ? በሃምሳው እንኳን ሌላው ቀን፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። እኔ የማውቀውን እኒያ አሮጊት የማያውቁ መሰለህ?»

ከዚያ ሳቁን አቆመና ቋጠሮውን ፈታ። ለሁለት ገመሰው። ግማሹን ለራሱ ወሰደ፣ ግማሹን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። «በል ፍታ» አለኝ።

በላሁት። ጨው በዝቶበታል። በጣም ነው የበዛበት። «ጨዉ!» አልኩ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

«ማን ይቅመስላቸው? ጾም ናቸው እኮ» አለ ሾፌሩ እያኘከ።

ልጁ አለ አይደል፣ ልል ነበር። የመጀመሪያውን የቀመሰው እሱ ነበር። ሁለተኛውን ግን አላስቀመሱትም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፊቴን አይተውታል። ያቺን ጣት ሳይ ፊቴ ምን እንደሆነ አይተው፣ ሁለተኛውን ያለ ቀማሽ፣ በግምት ሠሩልኝ። ራሳቸው ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሱ ሴት።

ደሴ እስክንደርስ አልተናገርኩም። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ።

ተመለስክ ወይ በሉኝ። አልተመለስኩም። በዓመቱ ምንጩ ተገንብቷል ብለው ነገሩኝ፤ እኔ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሬ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ሁልጊዜ ይመሽብናል፣ ወይ ነዳጅ አይበቃም፣ ወይ አብሮኝ አለቃ አለ። አንድ ጊዜ ሁለት ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ ቅቤ ገዝቼ ወጣሁ። ጉጉፍቱ ላይ ጉም ወረደና ሾፌሩን «ተመለስ» አልኩት። ጉሙ ያን ያህል አልነበረም። ልጁ አሁን ካለ አርባ አራት፣ አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ስሙን አልጠየቅኩትም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የሚቀርብላችሁን ብሉ። ትንሽም ቢሆን ቁረሱ። «በልቻለሁ» የምትለዋ ነገር ለከተማ ሰው ትሠራ ይሆናል፤ ገበሬ ቤት «ንቄሃለሁ» ማለት ናት።

ይሄን ካልኩ ሐቁንም ልናገር። ከዚያ ቀን በኋላ ባገኘሁበት ሁሉ እየበላሁ ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ይዞኛል። አንደኛው ወር አስተኝቶኛል። ስለዚህ ያልፈላ ውሃ አትጠጡ። ጥሬ ወተትም ይቅርባችሁ፤ ቡናው ይሻላል፣ ቡና ፈልቶ ነው የሚመጣው። በምሳ ሰዓት ሰው ቤት አትድረሱ። እህል ባለቀበት ወር ደግሞ ቶሎ ብላችሁ ውጡ፣ ምንም አትቅመሱ... አያችሁ፣ አሁን ደግሞ አትብሉ እያልኳችሁ ነው። እኔም አልጨረስኩትም ይሄን ነገር።

አንድ የማልጠራጠርበት ነገር ቢኖር የራሳችሁን በሶ ይዛችሁ መውጣት ነው። ብስኩትና የታሸገ ውሃ ይዛችሁ መኪና ውስጥ ተደብቃችሁ ስትበሉ አይቻለሁ። ሕፃናት መስታወቱን ከበው። በሶ ግን አውጥታችሁ ከባለቤቷ ጋር አብራችሁ ማሸት ትችላላችሁ። እሷ ቡና ታፈላለች፣ እናንተ በሶ ታቀርባላችሁ፤ ቡና ቁርስ ሆነ ማለት ነው። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። የሰው ገበቴ ፎቶ አይነሳም።

ወጣቱን አማሁ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ይቺ ልጅ ከኔ ትሻላለች። እኔ በእሷ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም። መጠየቅ ያለማወቅ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ከሰኞ ገበያ ገብስ ትገዛና ራሷ ታስፈጫለች። ጠዋት ጠዋት በሶዬን ራሴ ነው የማሸው። ውሃ ይበዛብኛል፤ ጭብጦው መዳፌ ላይ አይጸናም። እሷ ትስቃለች። ጨዉን ሳልቀምስ እሠራዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። አንዳንድ ቀን ልክ ይመጣል፣ አብዛኛውን ቀን ይበዛል።

ለልጅቷ ትናንት ማታ መለስኩላት። ይሄን ሁሉ አልጻፍኩም። «ብዪ» ብቻ ነው ያልኳት።

ወዲያው መለሰች፦ «እሺ ጋሼ። ግን ቅቤው ቢሸትስ?»

አይቼዋለሁ። ማየቴንም አይታለች፣ ያቺ ሁለት ጭረት ትናገራለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።