ጃፓኖች ከቆዳ ሠሩት የተባለው እንቁላል

እህቴ አብሽሪ። «36 ዓመቴ ነው፣ ሐኪሙ እንቁላልሽ እያለቀ ነው አለኝ። ጃፓኖች ከቆዳ እንቁላል ሠሩ ሲባል ሰማሁ፣ እሱን ልጠብቅ?» ብለሻል። እኔ ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለቤቴም ይህንኑ የሐኪም ቃል ሰምታ እያለቀሰች ገብታ ስለነበር ነገሩን ከቤትም አውቀዋለሁ።

እንቁላል በየወሩ አዲስ አይመረትም። ተማሪዎቼ ይህን አያምኑም። ስለዚህ በየዓመቱ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካለ ሥጋ ቤት የላም እንቁልጢ (እንቁላል የሚቀመጥበትን የአካል ክፍል) እለምናለሁ። (ባለ ሥጋ ቤቱ «መምህሩ ደሞ መጡ» እያለ ይስቃል።) የአውራ ጣት ጫፍ ታክላለች። ላይዋ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጥሯል። በምላጭ ጫፍ ስትነኪው ፊጭ ብሎ ፊትሽ ላይ ይረጫል። እንቁላሏ እዚያ ውሃ ውስጥ ናት፤ የመጣችው ግን ከሩቅ ነው።

የሰውንም እንይ። ጽንሱ 4ኛ ሳምንት ላይ ሳለ እንቁላል የሚሆኑት ሕዋሳት እንቁልጢ ውስጥ የሉም፤ ከጽንሱ ውጭ፣ የአስኳል ከረጢት ግድግዳ ላይ ናቸው። ከዚያ በአንጀት በኩል እየዳሁ ቦታቸው ይደርሳሉ፤ ይባዛሉ። ሴት ጽንስ 5 ወር ግድም ሲሆናት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይሆናሉ። ስትወለድ 1 ወይም 2 ሚሊዮን ብቻ ይቀራሉ። ማለቁ የተጀመረው እናትሽ ሆድ ውስጥ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ምን አጥፍቼ ነው» ማለቷን ተወች።

የጃፓኖቹ ወሬ እውነት ነው፤ ግን የአይጥ ነው። ተመራማሪው ያማናካ በ2006 የአይጥ ቆዳ ሕዋስን ወደ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ወደሚችል ጥሬ ሕዋስ፣ መለሰ። ሌሎቹ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሃያሺና ሳይቱ በ2012 ከእንዲህ ዓይነት ሕዋስ እንቁላል አወጡ፤ አይጥም ተወለደ። በ2016 ሥራውን በሙሉ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ጨረሱት። ስቴም ሴሉን ብቻውን አልተዉትም፤ ከአይጥ ጽንስ በወሰዱት የእንቁልጢ ሕዋስ ከበው ነው ያሳደጉት። በ2023 ደግሞ ሃያሺ ከወንድ አይጥ ሕዋስ እንቁላል ሠራ፤ ከ630 ጽንስ የተወለዱት 7 ናቸው። በሰው በ2018 የደረሱት ገና ወደ እንቁላልነት የሚያመራ ጮርቃ ሕዋስ ላይ ነው። ከስቴም ሴል ተሠርቶ ልጅ የሆነ የሰው እንቁላል እስካሁን የለም።

ስለዚህ አትጠብቂ። «የስቴም ሴል መርፌ አለ» የሚል ደላላ ከመጣም ብር እንዳትሰጪ፤ እኛ ቀብድ ከፍለን ስልኩ ጠፍቶብናል። እያለቀ ነው ማለት አልቋል ማለት አይደለም። የምርመራ ወረቀትሽ ላይ ኤኤምኤች (የቀረውን እንቁላል መጠን የሚጠቁም የደም ምርመራ) የሚል ቁጥር ካለ እሱን ይዘሽ በዚሁ ወር የማህፀን ስፔሻሊስት ጋ ሂጂ። ባልሽም ይመርመር፤ የኛን ያጓተተው የኔ «እኔ ምን ሆኜ» ማለት ነው።