ሰብለ ወንጌል ማርስ ላይ ብትኖርስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሥራ ስመለስ ማታ ማታ እጽፋለሁ። አሁን የያዝኩት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማርስ ላይ እንደ ሳይንስ ልቦለድ መልሶ መተረክ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን የጣቢያ አዛዥ፣ በዛብህን የኮምፒውተር አስተማሪ፣ ጉዱ ካሳን ደግሞ ሮቦት አድርጌያቸዋለሁ። ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ግን «ልብስ ቀየርሽላቸው እንጂ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለችኝ። ልተወው ወይስ ልግፋበት? ማሳተምስ ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው! ጓደኛሽም ግን እውነቷን ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ያነበብነው፣ በሬዲዮም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማነው፣ በቅሎና ካባ ስላለበት አይደለም። ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ፣ መሀላቸው ግን ግድግዳ ቆሟል። በዛብህ ወላጆቹ በልጅነቱ በስለት ለቤተክርስቲያን የሰጡት ነው። ሰብለ ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ፣ የሚመጥናት የለም እያሉ ያስቀሯት የባላባት ልጅ ናት። አንቺ ማርስ ላይ እነዚህን ሁለቱን በምን ተካሻቸው? ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ስለቱን እንያዝ። ጣቢያው ውስጥ አየር በልክ ነው እንበል። አንዲት እናት የታመመ ልጇ እንዲተርፍላት «ካደገ ዕድሜውን ሙሉ የአየር ማጣሪያውን ያገልግል፣ ትዳርም አይያዝ» ብላ ትፈርማለች። ልጁ ሲያድግ እሱ ያልፈረመው ውል ይጠብቀዋል፤ ቢያፈርሰው ደግሞ የሚታፈነው ሌላ ሰው ነው። ያኔ አንባቢሽ የበዛብህን ጭንቀት ሳታብራሪለት ይገባዋል። የፊታውራሪን ነገር ለመተካት ብዙ አትቸገሪም፦ መጀመሪያ ማርስ ያረፉት ቤተሰቦች በኋላ ከመጡት ጋር አይጋቡም። ገበሬዎቹ እነአበጀ በለው የሚያምጹበት ግብርም የውሃና የአየር ይሁን።

ከሁሉ የሚከብድሽ ስልክ ነው። በልቦለዱ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይኮበልላል፣ ሰብለ መነኩሴ መስላ ከቤት ትጠፋለች፣ እሱ ወደሷ ሲመለስ መንገድ ላይ ሽፍቶች ያቆስሉታል፣ ስታገኘው እያጣጣረ ነው። አንዴ ቢደዋወሉ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ! ብዙ ጸሐፊ እዚህ ጋ ስልኩን «ተበላሸ» ብሎ ያልፈዋል፣ አንባቢ ግን አይዋጥለትም። ማርስን መምረጥሽን የወደድኩት ለዚህ ነው፦ እሱ ወደ ምድር ይኮብልል፣ እሷ ማርስ ላይ ትቅር። መልእክት በብርሃን ፍጥነት እየሄደም ከማርስ ወደ ምድር ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሰብለ «ደህና ነህ?» ብላ መልሱን እስክትሰማ አንዳንዴ ወደ 44 ደቂቃ ትጠብቃለች ማለት ነው። በዚያ ላይ በየ26 ወሩ ገደማ ማርስ ከፀሐይ ጀርባ ትገባለች፣ ለሁለት ሳምንት ያህልም ግንኙነቱ አስተማማኝ አይሆንም። እሱ «መጣሁልሽ፣ እንዳትነሺ» ብሎ የላከው መልእክት በነዚያ ቀናት ውስጥ ይጥፋ። እሷም ዝምታው ሲጨንቃት ትነሳ። ማንም አላጠፋም፣ የተበላሸም ነገር የለም፤ ፀሐይ መሀላቸው ገባች።

አዲስ አበባን ግን አትንኪያት። ልጁ ኮብልሎ የሚመጣው አንቺ በየቀኑ ወደምታዪው የከተማ ዳር ይሁን። የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ያደገ ልጅ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ይላል፣ ጎረቤት እናት «አይዞህ ልጄ» ብለው ይቀበሉታል። ይህችን ትዕይንት ካንቺ የተሻለ የሚጽፋት የለም። የሰብለን መልእክት ደግሞ እንጦጦ ይቀበለው። እዚያ እኮ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 መረጃ መቀበያ ጣቢያም እዚያው ነው።

ጉዱ ካሳን ግን እባክሽ ሮቦት አታድርጊው። ሰው ይሁን፣ የባላባቶቹም ዘመድ። እብድ ያስባለው የገዛ ወገኑን ፊት ለፊት መናገሩ ነው፤ ያንኑ ማሽን ቢናገረው ማን ይከፋዋል?

ስለ ማሳተሙ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ስለሆነ መጽሐፉ እስከ 2046 ድረስ ባለቤት አለው፣ ሥራን ወደ ሌላ መልክ መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ስሞቹንና ታሪኩን እንዳለ ይዘሽ ማሳተም ካማረሽ ወራሾቻቸውን ጠይቂ። ካልሆነ ስሞቹንና ሁነቶቹን ቀይረሽ የራስሽን ታሪክ ጻፊ፤ ሐሳብ ብቻውን በአዋጁ አይጠበቅም፣ በስለት የተሰጠ ልጅና ዘር የሚቆጥር አባት ደግሞ የማንም ንብረት አይደሉም። እኔን ካልሽኝ ሁለተኛው ይሻልሻል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ይሙቱ ወይስ ይገናኙ የሚለውን ራስሽ ትወስኛለሽ። እናትየዋ ውሉን ከምትፈርምበት ቀን ጀምሪና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላኪልን፤ እናነበዋለን።