እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት ዲሲ ውስጥ እንዴት ይመርጣሉ?

እህቴ፣ በቅርቡ ዜግነት ያገኙት እናትሽ እንግሊዝኛ ሳያነቡ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እንዴት ተመዝግበው እንደሚመርጡ፣ በአማርኛ የተዘጋጀ መረጃ ይኖር እንደሆነ፣ ግሪን ካርድ ያላቸው አባትሽም መምረጥ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀሻል። በምርጫ ሰሞን ለወገኖቻችን ቅጽ ሳስሞላና ሳስተረጉም ዓመታት ስላለፉኝ ያየሁትን ልንገርሽ።

አማርኛው አለ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የተነሣ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን በአማርኛም ያዘጋጃሉ፣ አስተርጓሚም በነጻ ያቀርባሉ። የምርጫ ቦርዱም የመመዝገቢያ ቅጹን በአማርኛ አውጥቶታል። ይህ ግን የከተማዋ ሕግ እንጂ የፌዴራሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 በመምረጥ መብት ሕጉ ላይ የተጨመረው የቋንቋ ድንጋጌ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ለአላስካ ተወላጆች ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አንድ ካውንቲ ቢሞላ እንኳ ይህ ሕግ አይመለከተውም። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ዘመድ ካለሽ እዚህ የምታገኚውን እዚያ ላያገኝ ይችላል።

በእኔ አስተያየት ግን ብሮሹሮቹ እናቶቻችን የሚቸገሩበትን ነገር እምብዛም አይነኩትም። ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይዘረዝራሉ፤ ያንን ማንም ሰው በስልክ ጠይቆ ያገኘዋል። መጀመሪያ የሚያስቸግረው ስም ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ፣ አንዱ ወረቀት ላይ የአያት ስም ተጨምሮ፣ ሌላው ላይ «ፀሐይ» በሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት የዜግነት ምስክር ወረቀቱን፣ የዲሲ መታወቂያውንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩ። ቅጹ የመታወቂያውን ቁጥር ወይም የሶሻል ሴኩሪቲውን የመጨረሻ አራት አኃዞች ስለሚጠይቅ ስሙ ከእነዚያ ጋር መግጠም አለበት። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ እናትሽ ዜጋ መሆናቸውን ማስመዝገብም አትርሱ።

ቀጥሎ ቅጹ ላይ የትኛው ፓርቲ ውስጥ እንደሚመዘገቡ የሚጠይቅ ሳጥን አለ። ብዙ አዛውንቶች እዚያ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ያስቀምጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ በኢሠፓ ዘመን ያደገ ሰው ስሙን ከፓርቲ ጋር አያይዞ መጻፍ የሚያስከትለውን ያውቃል። እዚህ መዋጮ የለም፣ ስብሰባ የለም፣ የሚጠራቸው ካድሬም የለም። መዝገቡን እጩዎች ስለሚያዩት በፖስታ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ይበዛባችኋል፤ ለማን ድምፅ እንደሰጡ ግን ማንም አያውቅም። ነገሩን የማነሣው ሳጥኑን ባዶ መተው የሚያሳጣው ነገር ስላለ ነው። ዲሲ ከንቲባዋን ራሷ መምረጥ ከጀመረችበት ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሸነፉት ሁሉ ዴሞክራቶች ናቸው፤ ስለዚህ ዋናው ፉክክር የሚካሄደው ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ ላይ ነው። ቅድመ ምርጫው እስካሁን ለፓርቲው ተመዝጋቢዎች ብቻ ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ምርጫው የእናትሽ ነው፤ ይህን አውቀው ይወስኑ። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው አሠራር ደግሞ መራጩ እስከ አምስት እጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ስለሚችል፣ የድምፅ መስጫውን ናሙና ይዛችሁ ቤት ውስጥ አብራችሁ ተለማመዱበት።

ድምፅ መስጫ ወረቀቱ በአማርኛ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በመላው አሜሪካ የሚሠራ ሕግ አለ፤ ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠው ሰው እንዲረዳው መብት አለው። የማይፈቀደው አሠሪው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም የእነሱ ወኪል ብቻ ነው። ስለዚህ አንቺ አብረሻቸው ገብተሽ ልታነቢላቸው ትችያለሽ። በር ላይ ያለው ሰው ሊከለክልሽ ቢሞክር ሳትጨቃጨቂ የጣቢያውን ኃላፊ ጥሪ። ከገባሽ በኋላ ግን አንባቢ ብቻ ሁኚ። «እማዬ፣ ይሄኛው ይሻላል» የሚሉ ልጆች ብዙ አይቻለሁ፤ አይገባም።

ዲሲ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ድምፅ መስጫውን በፖስታ ትልካለች፤ ረጋ ብሎ ለማንበብ ይመቻል። ፖስታው ላይ የሚቀመጠው ፊርማ ግን በምዝገባው ጊዜ ከተሰጠው ጋር ይነጻጸራል። እናትሽ በአማርኛ የሚፈርሙ ከሆነ ሁለቱንም ጊዜ በአማርኛ ይፈርሙ። የምዝገባው ቀን ቢያልፍባችሁም አትደንግጡ፤ አድራሻቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ምርጫ ጣቢያ ከሄዱ በዚያው ቀን ተመዝግበው መምረጥ ይችላሉ።

የአባትሽ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ከንቲባንና የከተማ ምክር ቤትን በመሳሰሉ የአካባቢ ምርጫዎች እንዲሳተፉ ፈቅዳለች። ፕሬዚዳንት መምረጥ ግን ለእሳቸው በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ «ዜጋ ነኝ» ብሎ በሐሰት መፈረም ደግሞ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። የዜግነት ማመልከቻውም ለምርጫ ተመዝግበው ወይም መርጠው እንደሆነ ይጠይቃል። ዜግነት ለማመልከት የሚያስቡ ከሆነ ከመመዝገባቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከዲሲ ወጥታችሁ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ብትገቡ ይህ ፈቃድ አብሯቸው አይሄድም። መንጃ ፈቃድ ሲያሳድሱ ጸሐፊዋ «ለምርጫ ልመዝግብዎት?» ብላ በፈጣን እንግሊዝኛ ብትጠይቃቸው፣ ያልገባቸውን ጥያቄ በትሕትና «የስ» ብለው እንዳያልፉት ከአሁኑ ንገሪያቸው።