«ቅዳሴ ከሄድክ ጫማ እገዛልሃለሁ»

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ድሮ ቤተ ክርስቲያን ይወድ ነበር። አሁን እሁድ ጠዋት ለመነሳት ጭቅጭቅ ነው፤ ቢመጣም ስልኩን ይዞ መኪና ውስጥ ይቀራል። «ቅዳሴ ከሄድክ ጫማ እገዛልሃለሁ» እያልኩ አባብለዋለሁ። አባቱ ሁለት ሥራ ስለሚሠራ የሚክሰው በስጦታ ነው። አሜሪካ ልጄን ወሰደችብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉት ሁሉ ዓይኔ ያረፈው ጫማው ላይ ነው። አሜሪካን ለጊዜው እንተዋት።

ልጅዎ ቅዳሴ ክፍያ እንዳለው ተምሯል። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1971 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን የሚገጣጠም መጫወቻ አሠራቸው። ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቀር በራሳቸው ፈቃድ የሚጫወቱበት ጊዜ ቀነሰ። ማርሻ ሪቺንስና ላን ቻፕሊን በ2015 ያወጡት ጥናት ደግሞ ለእርስዎ ቤት ይበልጥ ይቀርባል። በልጅነታቸው በዕቃ የተሸለሙና በዕቃ የተቀጡ ሰዎች፣ አድገውም ስኬትን በዕቃ የመለካት ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ዕቃ መውደዱን ከትምህርት ቤት ብቻ አላመጣውም፤ ቤትም አለ።

ጫማ ሲያልቅበት ይግዙለት፤ ከቅዳሴ ጋር ግን አያገናኙት። ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ስላለም ስልኩን አይንጠቁት። መጀመሪያ ላይ ጭቅጭቁ ሊብስ ይችላል፤ ይታገሡት። «እኛ በባዶ እግራችን ነው ያደግነው» የሚለውንም ስብከት ይተዉት። (እኛም ከወላጆቻችን ሰምተነው የለ? ማን ሰማ!)

መኪና ውስጥ ለምን እንደሚቀር ጠይቀውት ያውቃሉ? በእንግሊዝኛ ለሚያስብ ልጅ ግእዝና አማርኛ እየሰሙ ለሰዓታት መቆም ከባድ ነው። ቅዳሜ ማታ የነገውን ወንጌል በእንግሊዝኛ አብራችሁ አንብቡ። ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ሻይ የሚያዞሩት እነማን ናቸው? አንዱን ትሪ እሱ ይያዝ። በዚህ ዕድሜ ሥራ ሲሰጡት ነው ልጅ ቦታ እንዳለው የሚሰማው።

ጾሙንም ይጠቀሙበት። ረቡዕና ዓርብ ትጾማላችሁ ብዬ ልገምት። ዓርብ ማታ ለፒዛ ይወጣ የነበረውን 30 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ለማን እንደሚሰጥ እሱ ይወስን። አገር ቤት ያሉት አያቱ የተቸገረ ጎረቤት አያጡም። ራሱ ደውሎ ያናግራቸው፤ አማርኛው ቢሰባበርም ግድ የለም። ብሩ ምን እንደሠራ ከሰው አፍ ይስማ።

ባለቤትዎ ደግሞ በወር አንድ እሁድ እንኳ ፈቃድ ወስደው ከልጃቸው ጎን ቢቆሙ ከየትኛውም ስጦታ ይበልጣል። እናት ብቻዋን የምትጎትተው ነገር ለወንድ ልጅ «የእማዬ ጉዳይ» ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። እንቅልፉ ከተዛባ፣ ከጓደኞቹም ከሸሸ፣ የትምህርት ውጤቱም ካሽቆለቆለ ነገሩ ከእምነት ጋር ላይገናኝ ይችላል። ያኔ ሳይዘገዩ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ወይም ሐኪሙን ያነጋግሩ።