ፖርት ሲ ግማሹ አልሰራ ላለው ልጅ፦ ቺፕህ አልተቃጠለም፣ ሌላ እንዳትገዛ

ትናንት ማታ «ኤትሜጋ 32 ፖርት ሲ ላይ ኤልሲዲ አስሬ ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ፖርት ዲ ላይ ግን ኤልኢዲው ይበራል፣ ቺፑ ተቃጥሎ ነው ወይ ሌላ ልግዛ» ብለህ የጠየከው ወንድሜ፣ አብሽር። (ለማያውቅ፦ ኤትሜጋ 32 ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ ነው፣ ፖርት ሲ ከፒሲ0 እስከ ፒሲ7 ያሉት ስምንት እግሮቹ ወይም ፒኖቹ ናቸው፣ ኤልሲዲ ጽሑፍ የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን ነው።) ደሴ ነኝ ስላልክ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ፣ እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ ነኝ፣ በዚሁ ነገር ሶስት ቺፕ ገዝቻለሁ ወላሂ ሶስቱም ደህና ነበሩ።

1. ጄታግ የሚባለውን፣ ቺፑን ከውጭ መመርመሪያ መስመር ማለት ነው፣ አጥፋው። ኤትሜጋ 32 ከፋብሪካ ሲወጣ ጄታጉ በርቶ ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ ፒሲ2፣ ፒሲ3፣ ፒሲ4 እና ፒሲ5ን ለራሱ ይይዛቸዋል፣ በእግር ቁጥር ከ24 እስከ 27 ያሉት ማለት ነው። አንተ ዲዲአር ሲን (ፒኖቹ ኢንፑት ወይ አውትፑት መሆናቸውን የሚወስነውን ሬጅስተር፣ የቺፑን የውስጥ ማዘዣ ቦታ) ሙሉ አውትፑት ብታረገውም እነዚህ አራቱ አይሰሙህም። አንተም እንደኔ የኤልሲዲውን ኢኔብል (ትእዛዝ ተቀበል የሚለውን እግር) ፒሲ2 ላይ ሳታስረው አትቀርም፣ ለዛ ነው ሳጥን ብቻ የሚታይህ፣ ኤልሲዲው ትእዛዝ ስላልደረሰው ኢኒሻላይዝ አልሆነም፣ ማለትም ለስራ አልተዘጋጀም።

እኔ ይሄን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ለእናቴ የጫጩት መፈልፈያ ልሰራላት ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ሙቀቱን በኤልኤም 35 (የሙቀት መለኪያ ሴንሰር) ፖርት ኤ ላይ አነባለሁ፣ አምፖሉን በሪሌ (በቺፑ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አበራለሁ አጠፋለሁ፣ ዲግሪውን እሷ እንድታየው ኤልሲዲ። ፕሮቲየስ ላይ (ሰርኪዩቱን ኮምፒውተር ላይ መሞከሪያ ሶፍትዌር) ቁጭ ብሎ ይሰራል፣ ቦርዱ ላይ ሳጥን። ቺፑ ነው አልኩና የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ (ስሙን አልጠራም)። ሰውየው ቺፑን ሶኬት ላይ ሳያደርገው፣ ሜትር ሳያስነካው፣ በጣቱ ገልበጥ አርጎ አየና «ራስህ አቃጥለኸው ነው፣ የተሸጠ እቃ አይመለስም» አለኝ። ሌላ ገዛሁ፣ ያው። ሶስተኛ ጊዜ ስሄድ «ይሄኛው ኦሪጅናል ነው» ብሎ ጨምሮ ሸጠልኝና ሰው ባለበት «ካልቻልክ ለሚችል ስጠው» አለኝ። ብሩ አይደለም፣ ያቺ ቃል ነች እስካሁን ያለችብኝ። እቃ የሚሸጥ ሰው ሳይሞክር ተቃጥሏል ማለት የለበትም፣ ስንቱ ጀማሪ ነው በዚህ የተወው።

የዛን ቀን ማታ ስምንቱንም የፖርት ሲ ፒን በየሁለት ሰከንዱ 0 እና 1 የሚያደርግ ኮድ ብቻ ጻፍኩና መልቲሜትሩን ይዤ እግር በእግር ሄድኩ። ፒሲ0 አምስት ቮልት፣ ዜሮ፣ አምስት፣ ዜሮ። ፒሲ1 እንደዛው። ፒሲ2 ላይ ወደ አምስት ሆኖ ቆመ፣ አይንቀሳቀስም። ፒሲ3 ቆመ። ፒሲ4 ላይ ቁጥሩ ዝም ብሎ ይዋልላል። ፒሲ5 ቆመ። ፒሲ6 ላይ እንደገና አምስት፣ ዜሮ። ሶስቱንም ቺፕ ቀያየርኩ፣ ሶስቱም ላይ እነዛው አራቱ። የተቃጠለ ቺፕ እንደዚህ ተሰልፎ አይቃጠልም ብዬ ዳታሺቱን (የቺፑን የአምራች መግለጫ) ከፈትኩ፣ የፖርት ሲ ተለዋጭ ስራ የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ቲሲኬ፣ ቲኤምኤስ፣ ቲዲኦ፣ ቲዲአይ ተብሎ አራቱ የጄታግ መስመሮች ተደርድረው አሉ። ማንም አልነገረኝም፣ በራሴ ሜትር ነው ያገኘሁት።

ማጥፊያው ሁለት መንገድ አለው። በኮድ ከሆነ ሜይን እንደጀመረ ኤምሲዩሲኤስአር ሬጅስተር ላይ ጄቲዲ ቢትን 1 ማድረግ፣ ግን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በአራት ክሎክ ውስጥ መጻፍ አለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከጻፍክ አይጠፋም። መሀሉ ላይ ሌላ መስመር እንዳታስገባ፣ የኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚቀይረው) ኦፕቲማይዜሽን፣ ኮዱን የሚያፈጥነው ማለት ነው፣ ዜሮ ላይ ከሆነም ሊዘገይብህ ይችላል። እኔ የምወደው በፊውዝ ነው፣ ፊውዝ ማለት በፕሮግራመር የሚጻፍ የቺፑ ቋሚ ቅንብር ነው፣ ሀይ ፊውዙ ከፋብሪካ ሄክስ 99 ነው፣ ዲ9 ስታደርገው ጄታግ ይጠፋል፣ በቃ ለሁልጊዜ። ፊውዝ ላይ 0 ማለት በርቷል ማለት ስለሆነ ተገልብጦ እንዳይታይህ፣ ሎው ፊውዙን ደግሞ በጭራሽ እንዳትነካ፣ ክሎኩን (የቺፑን የስራ ምት) ካበላሸህ ፕሮግራመሩ (ኮድ መጫኛው) ራሱ ቺፑን አላገኘሁትም ይልሃል፣ ያኔ ነው እውነተኛ ችግር።

2. ሪሌውን ፒኑ ላይ በቀጥታ እንዳታስር። የአምስት ቮልቷ ሰማያዊ ሪሌ ኮይሏ ወደ 70 ሚሊአምፒር ትስባለች፣ ፒኑ ጣሪያው 40 ነው፣ ትራንዚስተርና ዳዮድ የግድ ነው። የተዘጋጀ ሞጁል ከገዛህ ደግሞ አብዛኛው በ0 ነው የሚበራው፣ እሱ ላይ እኔ አንድ ነገር አይቻለሁ፦ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሪሌዬ ቀጭ ብሎ አምፖሉ ብልጭ ይል ነበር፣ ለካ ዲዲአሩን ቀድሜ 1 ስለማደርገው ነው፣ ፖርቱ (ፒኑ 0 ወይ 1 እንዲሆን የምጽፍበት ሬጅስተር) ገና 0 ስለሆነ ፒኑ 0 ሆኖ ይወጣል። ፖርቱን መጀመሪያ 1 አርገህ ከዛ ዲዲአሩን፣ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ከዛ በኋላ ስንት ጊዜ መብራት ሄዶ መጥቷል፣ አንዴም ቀጭ አላለም።

በተን (የሚጫን ቁልፍ) ካለህ ዲዲአር 0፣ ፖርት 1፣ የውስጥ ፑልአፑ (ፒኑን ወደ 1 የሚይዘው ሬዚስተር) ይበራልሃል፣ ስታነብ ግን ፒን ከሚለው ሬጅስተር አንብብ፣ ፖርት ከሚለው ካነበብክ ራስህ የጻፍከውን ነው መልሶ የሚሰጥህ። እግር 30 ኤቪሲሲ ደግሞ አምስት ቮልት ይገናኝ፣ ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) አልጠቀምም ብለህ አትተወው፣ ፖርት ኤ ኃይሉን ከዛ ነው የሚያገኘው።

የናቴ መፈልፈያ 37.5 ይላል ኤልሲዲው ላይ፣ በ21ኛው ቀን ሌሊት ጫጩቶቹ ሲጮሁ እሷ ነች የቀሰቀሰችኝ።

አሁን ኤልሲዲውን ንቀለውና ያንን የ0 እና 1 ኮድ ጫን፣ ከ24 እስከ 27 ያሉትን በሜትር ለካና ያገኘኸውን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፣ ፊውዙን አብረን እናረገዋለን። ዩኤስቢ ፕሮግራመር ከሌለህ ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ፣ ይዤልህ እመጣለሁ።