«እወደዋለሁ፤ ስሜቱ ግን የለኝም»

ጥያቄ፦ 28 ዓመቴ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ቆይተናል፤ ሽማግሌ ልኮ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። በጣም እወደዋለሁ፤ ሲያቅፈኝ ደስ ይለኛል። የወሲብ ስሜት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ለማንም፣ ለወንድም ለሴትም፣ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ሞክረን ነበር፤ አላስጠላኝም፣ ግን ምንም። ጓደኛዬ ቲክቶክ ላይ አይታ «አሴክሹዋል ነሽ» (ለማንም የወሲብ ስሜት የማይሰማው ሰው ማለት ነው) አለችኝ። እህቴ «ሴት ነው እንዴ የምትወጂው?» ብላ አፋጠጠችኝ። እናቴ ጠበል ግቢ ትላለች። ምንድን ነኝ? ልንገረውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉም ስም ለማውጣት ቸኩለዋል። በእኛ በምክር ሙያ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የተደባለቀውን ነገር እንለያያለን። ሰውነትሽ የሚሳበው ወደ ማን ነው? ፍቅር የሚይዝሽ፣ የምትናፍቂው ማንን ነው? እስካሁን ያደረግሽው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ላይ እነዚህ ስለሚገጣጠሙ አንድ ይመስላሉ። አንቺ ጋ የመጀመሪያው ባዶ ነው፣ ሁለተኛው ሙሉ። ስለዚህ የእህትሽ ግምት ከጻፍሽው ጋር አይሄድም፤ ወንድን አለመፈለግ ሴትን መፈለግ አይደለም።

ባዶው ብርቅ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው የወሲብ ተመራማሪ አልፍሬድ ኪንሴ እ.ኤ.አ. በ1948 የሰዎችን ዝንባሌ ከ0 (ወደ ተቃራኒ ፆታ ብቻ) እስከ 6 (ወደ ተመሳሳይ ፆታ ብቻ) ሲደረድር፣ ከመስመሩ ውጭ ለቀሩት «ኤክስ» የሚል ምድብ አስፈልጎታል። ተመራማሪው አንቶኒ ቦጋርት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ ከ18 ሺህ በላይ የብሪታንያ ነዋሪዎች ከሰጡት መልስ 1 በመቶ ያህሉ «ለማንም ተስቤ አላውቅም» የሚል ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ አምስተኛ እትምም፣ ራሱን አሴክሹዋል ብሎ ለሚገልጽ ሰው «የፍላጎት ማነስ ሕመም» የሚለው ምርመራ እንደማይሰጥ ጽፏል። በሽተኛ አይደለሽም። ለእምነትሽ ብለሽ ጠበል መግባት መብትሽ ነው፤ የሰርጉን ቀን ግን የፈውስ ቀጠሮ አታድርጊው።

የቲክቶክ ዝርዝር ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። «ወሲብ አያጓጓኝም፣ መተኛት ይሻለኛል» የሚለውን ምልክት የታክሲ ወረፋ ቆሞ ማታ ሁለት ሰዓት ቤቱ የሚገባ አዲስ አበቤ ሁሉ ያሟላዋል።

የሚለየው ጥያቄ «ኖሮ ጠፋ ወይስ ኖሮ አያውቅም?» የሚለው ነው። ኖሮ ከጠፋ ምክንያቱን እንፈልጋለን፦ ድብርት፣ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች፣ የታይሮይድ ችግር፣ የፕሮላክቲን ሆርሞን መብዛት። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የደም ምርመራ ያሳያል። ስትሞክሩ ሕመም ከነበረ፣ ወይም በልጅነትሽ ተገርዘሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ የማህፀን ሐኪም ትይሽ፤ ሕመምን የሚጠብቅ ሰውነት ስሜቱን ይዘጋል። ያስገደደሽ ሰው ኖሮ ከሆነም ለባለሙያ ብቻሽን ንገሪ።

ለሦስት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ያዢ። ማታ ማታ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ዛሬ ማንን ናፈቅሁ? ማንን ለመንካት ፈለግሁ፣ ምን ዓይነት መንካት? ሰውነቴ በራሱ ተነቃቃ ወይ? ሦስተኛውን ሰዎች አፍረው ይዘሉታል፤ አንቺ አትዝለዪው። ሰውነታቸው የሚነቃቃ፣ ነገር ግን ወደ ማንም የማይሳቡ ብዙ አሴክሹዋል ሰዎች አሉ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሳቡም አሉ፤ ከረጅም ቅርርብ በኋላ ብቻ የሚመጣላቸው ደግሞ ራሳቸውን ዴሚሴክሹዋል ይላሉ። ከሦስት ዓመት ፍቅር በኋላም ካልመጣ የመጨረሻው አንቺን የሚገልጽ አይመስለኝም፤ ግን ስሙን የምትመርጪው አንቺ ነሽ፣ ነገ መቀየርም ትችያለሽ።

ለእጮኛሽ ንገሪው፤ አዎ፣ ከሰርጉ በፊት። በስሙ አትጀምሪ። «አሴክሹዋል ነኝ» ስትዪው ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል፣ ያገኘውን ያምናል። ይልቅ እንዲህ በይው፦ «እወድሃለሁ፣ ካንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። እቅፍህ ደስ ይለኛል። የወሲብ ስሜት ግን ለማንም መጥቶብኝ አያውቅም፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።» የመጨረሻዋን አትርሺ፤ ወንድ ልጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው «ሌላ አለ» ወይም «እኔ አልበቃኋትም» ነው። እሱ ምን ያህል ይፈልጋል? አንቺ ምኑን ሳትጨነቂ ትችያለሽ፣ ምኑን አትችይም? ልጅስ? ይህ አንድ ምሽት ላይ አያልቅም።

ለምን ከሰርጉ በፊት እንደምል ልንገርሽ። በእኛ አቆጣጠር የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ነው የሚደነግገው፤ ከተጋባችሁ በኋላ «እምቢ» ስትዪ በዚህ አንቀጽ የሚቆምልሽ የለም። ስለዚህ እምቢ ስትዪ ምን እንደሚያደርግ ከአፉ ስሚ። «ስንጋባ ይመጣልሻል» ካለሽ ጥያቄውን አልመለሰም፤ ድገሚለት። ጥርን ማሻገር ካስፈለገ ለሽማግሌዎቹ «ያልጨረስነው ጉዳይ አለ» ማለት ይበቃል፤ ዝርዝሩን ማወቅ የለባቸውም።